ብይ ያስቀረው ወንድሜ

የእርጥብ ኖራ ሽታ አልችልም። ጎረቤት ለበዓል ግድግዳውን ሲያስቀባ መስኮቴን እዘጋለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ደግሞ ሽታው ምን አደረገሽ?» ይሉኛል። ያመኛል እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም።

ያን ጊዜ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በአንዲት ሐረሪ እናት ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ወታደር ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን ሳይመለስ ቀረ። እኛም ከካምፑ ቤት ወጣን፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ያቆምኩትም በዚያው ዓመት ነው።

ከበራችን የሚነሳው መንገድ ጠባብና ቁልቁለት ነበር። ድንጋዩ በእግር ብዛት ለስልሶ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። ወንድሜ በድንጋዮቹ መሐል ባለው አፈር ላይ ራቅ ራቅ አድርጎ ጉድጓዶች ቆፍሮ ነበር። ብይውን በጣት እየመቱ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ማስገባት ነው ጨዋታው። የመጨረሻው ጉድጓድ ታች፣ የቆሻሻ ውሃ መውረጃው ቦይ አፍ ላይ ነበር፤ እዚያ ቀድሞ ያስገባ አሸነፈ። ሰፈሩ አንድ ሕግ ነበረው፤ መንገደኛ ወይም አህያ ብይህን ቢገፋብህ ካረፈበት ትጫወታለህ። ክርክር የለም።

ወንድሜን የሚያሸንፈው አልነበረም። ጣቱ ስለበረታ ሳይሆን ስለማይቸኩል ነው። አጠገቤ ቁጢጥ ይልና «ጉድጓዱን አትዪው፣ እቱ። ብትስቺ የት እንደምታርፊ እሱን እዪ» ይለኛል። «ስትፈሪ ደግሞ መጀመሪያ ትንፋሽሽን አስወጪ፣ ከዚያ ምቺ።» ፈሪ መሆኔን ያውቃል። ሌሎቹ ልጆች «ይቺ ደግሞ ብይ ለመምታት ሽማግሌ ትልካለች እንዴ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሱ ግን «ሽማግሌ የላከ አያፍርም» ብሎ አፋቸውን ያስይዝልኛል።

አንድ ቀን ወንድሜ በጭነት መኪና በጅግጅጋ በኩል ድንበር ተሻግሮ፣ ወደብ ሄዶ ሊሠራ ከሾፌር ጋር መነጋገሩን ነገረን። በማግስቱ ሊሄድ ነው። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች።

«አባትህ ቀረ፤ አንተም ልትቀርብኝ ነው?»

«እዚህ ምን አለኝ፣ እማዬ?»

ብድግ ብሎ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ውጭ አከራያችን ለአረፋ ግድግዳ እያስቀቡ ነበር፤ መንገዱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል፣ ኖራው ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ «ካሸነፍኩህ አትሄድም» አልኩት።

ሳቀ። «እሺ። ከተሸነፍሽ ግን አታለቅሺም።»

የዚያን ቀን ግን ቸኮለ። ልቡ መኪናው ላይ ነበር መሰለኝ። በየጉድጓዱ እግር በእግር ተከተልኩት፤ እንዲያም ሆኖ ቀደመኝ። ወደ መጨረሻው ጉድጓድ በቀጥታ መታ፤ ብይው አልፎ ሄዶ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆመ። ከዚያ ለእሱ ቀላል ነበር። ይሄኔ ከላይ፣ ከሐኪም ተራራ፣ እንጨት የጫኑ አህዮች መጡ። ሁላችንም ግድግዳው ላይ ተለጠፍን፤ ጀርባዬ በኖራ ራሰ። አህዮቹ ሲያልፉ የወንድሜ ብይ ቦዩ ውስጥ ወድቋል።

«ካረፈበት! ካረፈበት!» ልጆቹ ጮኹ።

ቦዩን አየ፣ እኔን አየ። «በይ» አለኝ።

በቀጥታ ብመታ ቁልቁለቱ እኔንም ቦይ ይከተኛል። ትንፋሼን አስወጣሁ። ብይዬን ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ሥር፣ አሸዋ ወደተጠራቀመበት ላክሁት።

«ይኸው፣ ሽማግሌ ላከች!» ልጆቹ ሳቁ።

ወንድሜ ከጭቃው ውስጥ መታ፤ አልወጣለትም። እኔ ከአሸዋው ላይ ቀስ አድርጌ ነካሁት። ገባ።

ቃሉን ጠበቀ። ልብሱን ከፌስታሉ አወጣ። እናቴ ፀጉሬን እየሳመች አለቀሰች፤ አከራያችን «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ነው ያስቀረው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ወንድሜ ለጥቂት ዓመታት የታክሲ ረዳት ሆኖ ሠራ። ከዚያ ሰሜን ላይ የድንበር ጦርነት ተነሳ። ተመዘገበ። እሱም እንደ አባታችን ከሰሜን አልተመለሰም፤ ለእሱ ግን መርዶ መጣ። በዚያች መኪና አብሮት ሊሄድ የነበረው ጓደኛው ወደብ ሠርቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ አሁን ሽበት አብቅሏል። ለበዓል ሲመጣ ትከሻዬን ይስመኛል። ዓይኑን ማየት አልችልም። ዘንድሮ ያ የሰሜን ድንበር ተከፈተ ተብሎ ሰው በቴሌቪዥን ሲተቃቀፍ ጎረቤቶቼ እልል አሉ፤ እኔ ተነስቼ መስኮቴን ዘጋሁ።

ጥንቁቅ እናት ናት ይሉኛል። የበኩር ልጄ ሌላ ከተማ ሄዶ ልማር ብሎኝ ይኸው መልሴን ይጠብቃል። «ሂድ» ማለት እፈራለሁ፤ «ቅር» ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ወንድሜ የዘመተ ዕለት ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ሸኘሁት። ጠዋት ነበር፤ የመኪናው ጭስ ዓይናችንን ያቃጥላል፣ እናቶች ይጮኻሉ። መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ዛሬስ አትወራረጂኝም?»

ላለማልቀስ ከንፈሬን ነክሼ ሳቅሁለት። እጁን ዘረጋልኝ። ከፍ ስላለብኝ የጣቶቹን ጫፍ ብቻ ያዝኩ። መኪናው ሲንቀሳቀስም አልለቀቅሁም፤ ትንሽ አብሬው ሮጥኩ።