አይብ የማይስማማቸው ሽማግሌ

አቶ ዲበኩሉ መልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የቦሎቄ ዘር ሲሞክሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አዳማ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነታቸው የሚከበሩ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ክፉ አመል የለባቸውም። አይጠጡም፣ አያጨሱም፣ ጫት ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። አይብ ግን ይወዳሉ።

ችግሩ ሆዳቸው ነው። አርባ ዓመት ከሞላቸው ወዲህ ወተት የነካው ነገር ሁሉ አይስማማቸውም። ይህንን የደረሱበት በግምት አይደለም፤ ቦሎቄውን በሚያጠኑበት ትዕግሥት ሦስት ወር ሙሉ ራሳቸውን አጠኑ። ሁለት ማንኪያ አይብ ምንም አያመጣም። ሦስት ማንኪያ ድምፅ ያመጣል። አምስት ማንኪያ የበሉ እንደሆነ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሰው መሀል መገኘት የለባቸውም። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ጥናቱ ካለቀ በኋላም መብላታቸውን ቀጠሉ።

ያን ሰሞን አይብ ዋጋው በየሳምንቱ ይንራል። ከአርሲ በኩል የሚመጣውን አይብ በኮባ ጠቅልላ የምትሸጥላቸው ፎዚያ ናት።

"ጋሼ፣ ዛሬ ጨምሯል" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ባለፈው ሳምንትም ጨምሮ ነበር።"

"እሱማ የባለፈው ሳምንት ነው።"

"ምክንያቱ ምንድን ነው?"

"መኖ ጨመረ፣ ነዳጅ ጨመረ። ላሚቱም እኮ እዚሁ አገር ነው የምትኖረው።"

አቶ ዲበኩሉ ነገሩን አሰቡበትና ትክክል ሆኖ አገኙት። አይቡን ገዙ፤ ጫማቸውን ሳያስጠግኑ ቀሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤው በጸጥታ ሲጸልይ ከሽማግሌዎቹ ወንበር በኩል ረዘም ያለ ድምፅ ተሰማ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ርኩስ መንፈስ የያዘው ሰው የመጣ መስሏቸው "በኢየሱስ ስም! ልቀቅ!" ብለው ጮኹ። አቶ ዲበኩሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አሜን" አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ ግን ድምፁን ያውቁታል። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይዘዋቸው ሄዱ። ሐኪሙ ሆዳቸው ወተት መፍጨት እንዳቆመ ነገራቸው፤ ደማቸውን አስመርምሮም ስቡ ከልክ ማለፉን ጨመረበት። አይብም ቅቤም ይቅር አለ።

"ሰማህ አይደል?" አሉ ወይዘሮ ወርቄ ባጃጅ ውስጥ።

"ሰማሁ።"

"ምን አለ?"

"ይቅር አለ።"

"እና?"

"ልጅ ነው፤ ገና ብዙ ያያል" አሉ አቶ ዲበኩሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ የሚወጡት ወይዘሮ ወርቄ ሆኑ። አራት ወር ሙሉ አይብ ቤቱ ሳይገባ ቀረ። አቶ ዲበኩሉ አላጉረመረሙም። ክብደት ቀነሱ፣ እንቅልፋቸው ተስተካከለ፣ ጸሎቱም ጸጥ አለ። በዚህ ሁሉ ምንም ደስታ አላገኙም።

በአምስተኛው ወር የወይዘሮ ወርቄ የእህት ልጅ አማኑ ላገባ ነው ብሎ መጣ። አማኑ ሞጆ ደረቅ ወደብ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ትራንዚተር ነው። ልጅቱ ሃዊ ትባላለች፤ የኩየራ ልጅ ናት። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፦ አቶ ዲበኩሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንድም ፈቃዱ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጎረቤታቸው ራህመቶ። ራህመቶ ሚኒባስ አለው፤ አማኑንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

"አደራህን" አሉ ወይዘሮ ወርቄ የባላቸውን ክራቫት እያስተካከሉ፣ "እዚያ አይብ ቢቀርብ እጅህን እንዳትዘረጋ። የሰው ቤት ነው።"

"ሽማግሌ እኮ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም።"

"እሺ ሲባልስ?"

አቶ ዲበኩሉ ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ።

እሑድ ማለዳ ተነሡ። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አልፈው ረፋዱ ላይ ኩየራ ገቡ። የልጅቱ አባት አቶ ደገፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። "አካም ጅርቱ?" ብለው በር ላይ ተቀበሏቸው። ሳሎን ገብተው ገና ሳይረጋጉ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ዲንቄ ምግብ አቀረቡ፤ ትኩስ ቂጣ፣ መሀል ላይ ደግሞ የሞላ ሳህን አይብ። በበረዶ ንጣት ላይ ንጥር ቅቤ ቢጫ መስመር አውጥቶ ወርዷል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ሚጥሚጣ ተነስንሷል።

"መጀመሪያ የመጣንበት ጉዳይ ይሰማልን" አለ ወንድም ፈቃዱ፣ እንደ ወጉ። ማንም ሳህኑን አልነካም።

ወንድም ፈቃዱ ንግግር ያውቅበታል። አማኑ ጸሎተኛ፣ ታታሪ፣ ቤተሰቡን አክባሪ መሆኑን አስረዳ። አቶ ደገፋ እስከ መጨረሻው አዳመጡና "ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይላል። ጉድለቱስ?" ብለው ጠየቁ።

"ጉድለት እንኳ የለበትም።"

"እንግዲያው ሁለት ሳምንት ስጡን፤ እናስብበት።"

ወንድም ፈቃዱና ራህመቶ ለመሄድ ብድግ አሉ። አቶ ዲበኩሉ አልተነሡም። ላለመነሣት ወስነው አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ከተባለ አይቡ ሳይቀመስ መቅረቱ ነው። ዓይናቸው ሳህኑ ላይ እንደ ነበር ቀረ።

አቶ ደገፋ ይህንን አዩ። "አይብ ይወዳሉ እንዴ?"

"እወዳለሁ።"

"ይስማማዎታል?"

ራህመቶ ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ ዲበኩሉ ግን ሲጠየቁ መዋሸት አልለመዱም። "አይስማማኝም" አሉ። "ሆዴን ይነፋኛል። ጸሎት ቤት ውስጥ አሳፍሮኛል። ሐኪም ከልክሎኛል፣ ዋጋውም ካቅሜ በላይ ሆኗል። ባለቤቴም ዛሬ እንዳልነካ አስምላኛለች ማለት ይቻላል።"

"ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምኑን ነው የሚወዱት?"

"አይብነቱን" አሉ።

አቶ ደገፋ ወንበራቸውን ወደ እሳቸው ሳብ አደረጉ። "እስቲ ስለ ልጁም እንደዚሁ ይንገሩኝ።"

"ሰዓት አያከብርም። ስልክ ላይ አፍጥጦ ይውላል። ሲናደድ አይጮህም፤ ሦስት ቀን ሰው ይዘጋል። ግን የልጅዎን ስም ሲጠራ ድምፁ ይለወጣል። ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን እንደሌላ ቃል ሲጠራው አልሰማሁም።"

አቶ ደገፋ ወደ ጓዳ ገቡ። ከውስጥ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎም የሴት ሳቅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ሃዊ ራሷ አንገቷን ደፍታ ወጣች። "አባባ፣ የሚዘጋው ሦስት ሳይሆን አራት ቀን ነው" አለቻቸው።

"እርማቱን ተቀብያለሁ" አሉ አቶ ዲበኩሉ።

ልጅቱ ተሰጠች። ተመረቀ፣ ተጸለየ፣ ማዕዱ ተቆረሰ። አቶ ዲበኩሉ ሰባት ማንኪያ በሉ። ወይዘሮ ዲንቄ ሲጨምሩላቸው ስምንተኛውን እምቢ ማለት ነውር መስሎ ስለታያቸው እሱንም በሉ።

ላንጋኖን ሲቃረቡ ራህመቶ መስኮቱን ከፈተ። ወንድም ፈቃዱም የራሱን ከፈተና ድምፁን ከፍ አድርጎ መዝሙር ጀመረ።

"ጋሼ፣ ልቁም?"

"ቁም።"

ቡልቡላ ላይ ቆሙ። ባቱ ላይ ቆሙ። መቂ ላይ የአንድ ማደያ ዘበኛ ለነዳጅ የመጡ መስሎት እጁን ሲያወዛውዝ አቶ ዲበኩሉ በሩጫ አልፈውት ሄዱ። ወንድም ፈቃዱ አዳማ እስኪገቡ የሚያውቀውን መዝሙር ሁሉ ጨረሰ።

ወይዘሮ ወርቄ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

"ሰጡ?"

"ሰጡ።"

ወይዘሮ ወርቄ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ራህመቶን አዩት። የሚኒባሱን በሮች በሙሉ ከፍቶ ራቅ ብሎ ቆሟል። የባላቸውን ፊት አዩ። ከዚያ እልል አሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ሠርጉ በጥር ተደረገ። ሃዊ አዳማ መጥታ በተማሪ ቤት ሥራ አገኘች። እናቷ በየሳምንቱ ሰው እየፈለጉ አይብ ይልካሉ፤ ጥቅሉ ላይ የአቶ ዲበኩሉ ስም ይጻፍበታል። ወይዘሮ ወርቄ የመጀመሪያውን ጥቅል ለጎረቤት ሊያድሉት አስበው ነበር፤ ዋጋውን ገበያ ላይ ስለሚያውቁት እጃቸው አልታዘዘላቸውም። ለመጣል ደግሞ የአማቶች ስጦታ ነው። ስለዚህ ደንብ ወጣ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሰው በሌለበት።

አሁን አቶ ዲበኩሉ እሑድ ከሰዓት ሳህናቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ ወርቄም ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት እያሉ በማንኪያ ጫፍ መቅመስ ጀምረዋል፤ ሰሞኑን የራሳቸውን ሳህን ይዘው ነው የሚወጡት። በዚያ ሰዓት የግቢው በር ቢንኳኳ አይከፈትም። የሰፈሩ ሰው ባልና ሚስቱ በጸሎት ላይ ናቸው ይላል፤ እስካሁን ያረመው የለም።