የጓያው እንፋሎት

ጎረቤቴ ፋንታነሽ በየቀኑ ለዘጠኝ ሰው ታበስላለች፤ ለሰባት ልጆች፣ ለባሏ ለባየና ለራሷ። እኔ ለአንድ ነፍሴ ማብሰል የሚሰለቸኝ ሴት ነኝና እሷን ሳይ አፍራለሁ። ቤታችን ብቸና ከተማ ዳር ነው። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ የድስቷ ክዳን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

እንደሷ ጥቂቱን የሚያበረክት ሰው አላየሁም። አንድ ራስ ሽንኩርት ለሦስት ቀን ወጥ ታደርሳለች። ልጆቿን ከአንድ ትሪ አታበላም፤ «ከትሪ ከተበላ የሚጠግበው ፈጣኑ ነው» ትልና ለእያንዳንዱ በየሳህኑ ትከፍላለች። ለትንሿ ትንሽ፣ ለተማሪዎቹ መካከለኛ፣ ለታላቁ ለባንተአምላክ ደግሞ ከድስቱ ሥር ወፈር ያለውን። ባንተአምላክ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቤት ለሚያሠሩ ሰዎች ድንጋይ ይሸከማል፤ የቤቱ ጨውና በርበሬ የሚገዛው በሱ ትከሻ ነበር።

አምና በረዶ ወርዶ ጤፉንም ባቄላውንም መሬት ላይ ደፋው። ለባየ የተረፈው ዘግይቶ ጥቁር አፈር ላይ የዘራው ጓያ ብቻ ሆነ። ጓያ መቼም የድኻ እህል ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲከዳ እሱ አይከዳም። እናም ከጥር ጀምሮ በዚያ ቤት ሽሮው ጓያ፣ ክኩ ጓያ፣ ቂጣው ጓያ፣ ንፍሮውም ጓያ ነበር።

ጓያ እግር እንደሚይዝ በኛ አገር የማያውቅ የለም። እናቶቻችን ግን የሚይዘው እንፋሎቱ ነው ብለው ነው የነገሩን። ድስቱ ሲፈላ አጠገቡ ከተቀመጥህ ጅማትህን ያሥረዋል። ይኸን ለፋንታነሽ የነገርኋት እኔው ይርጋነሽ ነኝ፤ ሙሽራ ሆና በመጣች በዓመቱ፣ «አንችየ፣ ጓያ ሲፈላ ልጅ እንዳታስጠጊ» አልኋት። እሷም ቃሌን እንደ ንስሐ አባቷ ቃል ያዘችው።

ድስቱ መፍላት ሲጀምር «ውጡ! ውጡ!» ብላ ሁሉንም ወደ ደጅ ታባርራለች። ባንተአምላክ ከሥራ ደክሞ መጥቶ ተኝቶ እንኳ ቢሆን ቀስቅሳ ታስወጣዋለች። እሷ እግሯን በነጠላ ጠቅልላ ብቻዋን ታማስላለች። እንፋሎቱ ሲበርድ ሁሉንም ትጠራና ትመግባለች። ጧት ባንተአምላክ ወደ ሥራ ሲሄድ ደግሞ ኪሱን የጓያ ንፍሮ ሞልታ ትሸኘዋለች። እኔም ከግድግዳው ማዶ «ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው!» እል ነበር። ምነው ያኔ ምላሴ በተቆረጠ!

ሚያዝያ ላይ ባንተአምላክ ባቴን አመመኝ አለ። የድንጋይ ድካም ነው ብለን በሙቅ ውኃ አሸነው። እናቱ ጉልበት አንሶት ነው ብላ ድርሻውን ጨመረችለት። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጧት ከመደቡ ሊነሳ ሲል እግሮቹ ተንቀጠቀጡና አልታዘዝ አሉት። ደግፈን ብናቆመው በጣቶቹ ጫፍ ቆመ፤ ተረከዙ መሬት አልነካም አለ። ጉልበቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ያ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው ልጅ እስከ ደጁ ለመድረስ ዱላ ያዘ።

ፋንታነሽ «የቱን ቀን ነው ሳላስወጣው የቀረሁት?» እያለች ከጥር ወዲህ ያለውን ቀን ሁሉ አንድ ባንድ አሰበች። አንድም ቀን አላገኘችም።

ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። ከናዝሬት ተመድባ የመጣችው ነርስ ጸደንያ ግቢው ውስጥ አስኬደችው፤ ጉልበቱን መታ መታ አድርጋ አየች። ከዚያ እሱን ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ እኛን ወደ ውስጥ ጠራችን።

«እናቴ፣ ቤት ውስጥ ጓያ ትበላላችሁ?»

«እንበላለን። ግን እንፋሎቱን አንድ ቀን አስነክቼው አላውቅም፣ ሲስተር። በማርያም!»

«እንፋሎቱ አይደለም እኮ» አለች ጸደንያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምግቡ ነው። ለወራት ሌላ ሳይኖር እሱ ብቻ ከተበላ ነርቭ ይጎዳል። ብዙ የበላውንና ጉልበት ሥራ የሚሠራውን ነው ይበልጥ የሚይዘው።»

ብዙ የበላውን። ይኸን ስትል ፋንታነሽ እጆቿን አየች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ይድናል?»

«የተጎዳው አይመለስም። እንዳይብስበት ግን ከእንግዲህ ጓያ እንዳይቀምስ። ሌሎቹም ባይበሉ ነው የሚሻለው።»

«ታዲያ ምን ላብላቸው?»

ጸደንያ «ሽምብራ፣ ባቄላ…» ብላ ጀመረችና የፋንታነሽን ፊት አይታ ተወችው። «ሌላ ከጠፋ ሲያድር ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉት፤ ከገብስ ጋር ይደባልቁት። ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም» አለች።

በባጃጅ ስንመለስ ባንተአምላክ በመካከላችን ተቀምጧል። ፋንታነሽ ፊቷን ከኔ አዙራ መንገዱን ታያለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። በኋላ ለብቻዋ አግኝቻት «ንገሪው እንጂ» ብላት «በእጄ እያጎረስሁ ሰበርሁህ ልበለው?» አለችኝ።

ቤት ውስጥ ሁለት ጆንያ ጓያ አለ። እስከ ኅዳር ሌላ እህል የለም። ባሏ ባየ ግማሹን ገበያ አውጥቶ በጥቂት ገብስ ለወጠው። ፋንታነሽ ያን ቀን «አሁን ያን የማን ልጅ ይበላው ይሆን?» ስትል ዋለች። የጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን እንዲሉ፣ የዛሬውን ድስት ከመጣድ በቀር ምን ምርጫ አላት?

እሑድ ለምሳ ጠራችኝ። ለስድስቱ ዘፍዝፋ አድርቃ የፈጨችውን ጓያ ከገብስ ዱቄት ደባልቃ ሽሮ ጣደች። ለባንተአምላክ ብቻ ንጹሕ የገብስ ቂጣ ጋገረች። ገብሱ ለብዙ ቀን መድረስ ስላለበት ቂጣዋ ሳሳ ያለች፣ ከመዳፍ ብዙም የማትሰፋ ነበረች።

ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው እየተጋፉ ወደ ደጅ ሮጡ። ባንተአምላክም ዱላውን ይዞ ለመነሳት ይታገል ጀመር።

«ተቀመጥ ልጄ» አለችው። «እንፋሎቱ ምንም አያደርግህም።»

«ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ?» ብሎ ሳቀና ተቀመጠ። እኔ ሳቁን መስማት አልቻልሁም።

ልጆቹ ተመልሰው ገቡ። ለስድስቱ በየሳህናቸው ሽሮው እየተቀዳ ተሰጣቸው። ለሱ ያቺ ቂጣ በርበሬ ነክቷት ቀረበችለት። አያት። ከዚያ የወንድሞቹን ሳህን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«እማየ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሥራ ስለፈታሁ ነው?»

ፋንታነሽ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

«ግድ የለም፣ እውነትሽን ነው» አለ። «ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ይኸም ይበዛበታል።» ቂጣዋን ለሁለት ገመሰና ግማሹን አጠገቡ ለተቀመጠችው ለትንሿ እኅቱ ሰጣት። በምትኩ ሊያጠቅስ እጁን ወደ ሽሮዋ ሰደደ።

ፋንታነሽ ጭልፋውን ጥላ ዘለለች። ገብሱን ከልጅቱ እጅ ትቀማ ወይስ ልጁን ከሽሮው ትከልክል ሳታውቅ በመካከላቸው ተንበርክካ ቀረች።