አንቱ የማያውቅ ቋንቋ

የኔአለም፣ አማኑኤል ከተማ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤታችን የመጣች ዕለት ዳይሬክተሩ በቀጥታ እኔ ላይ ጣላት። «ታረቀኝ፣ አንተ እንግሊዝኛ አይደለህ? ይቺን ልጅ ተረከባት» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ እንጂ እንግሊዝኛ ሆኜ አላውቅም። ነገር ግን ከዳይሬክተር ጋር ስለ ሰዋስው የሚከራከር ሥራ የፈታ ሰው ነው፤ ተረከብኳት።

የይጁቤ ገበሬ ልጅ ናት። ቀጠን ያለች፣ ሰማያዊ ክላሰሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ የምትቆም፣ ሲያናግሯት መጀመሪያ «ይቅርታ» የምትል። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ገብታ የእንግሊዝኛ መምህርነት ትማራለች። ለሁለት ወር አምስተኛ ክፍልን ታስተምራለች፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ፤ ከኮሌጁ ደግሞ ሱፐርቫይዘር ሦስት ጊዜ እየመጣ ነጥብ ይሰጣታል። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ስንቱን እጩ መምህር ሸኝቻለሁ። የማላውቀውን በሁለተኛው ሳምንት ነገረችኝ። አምና በዚሁ የማስተማር ልምምድ ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ሦስተኛ ዕድል የለም፤ የለፋችበት ሁሉ ቀርቶ ባዶ እጇን ይጁቤ ትገባለች።

«መውደቄን ለአባቴ አልነገርኳቸውም» አለችኝ። «የሦስት ዓመቱ ትምህርት አራት ዓመት ሆነ ብያቸዋለሁ።»

«አይዞሽ» አልኳት። ይህን ለማለት የሃያ ስድስት ዓመት ልምድ አያስፈልግም።

ነገሩ የተወሳሰበው በአንዲት ቃል ነው። የዚያ ሳምንት ትምህርት ስለ ቤተሰብ ነበር። ሽታዬ የምትባል የቄስ ልጅ ተነስታ አባቷን በእንግሊዝኛ ማስተዋወቅ ጀመረች። «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፕሪስት። ዘይ አር ቶል።»

«ዘይ» ማለት እነሱ ማለት ነው። እንግሊዝኛ አንድን ሰው፣ ወንድ ከሆነ «ሂ»፣ ሴት ከሆነች «ሺ» ይላል፤ ቄስ ይሁን ሌባ አይለይም። እኛ ደግሞ አባታችንን «እሳቸው» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። «እሳቸው»ን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው አፋችን ላይ የሚመጣው «ዘይ» ነው። ልጅቷ አባቴ ረጅም ናቸው ማለቷ ነበር።

«ሂ ኢዝ ቶል በይ» ስትል የኔአለም አረመቻት።

ሽታዬ ዞራ ጓደኞቿን አየች።

«ሽታዬ፣ ሂ።»

«አባቴን?» አለች ልጅቷ በአማርኛ። «አባቴን እሱ ልበላቸው?»

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ «ሂ እኮ ሂድ ማለት ይመስላል» አለ። ሌላው «እናቴማ ሺ ከተባለች አንድ ሺህ ሰው ሆነች ማለት ነው» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። የኔአለም አብራ ልትስቅ ቃጣትና ወደ እኔ አይታ ተወችው።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ መምህር ይስማው ለመጀመሪያ ጊዜ መጡ። የእርማቱን ብዛት አይተው «ስህተት በሰማሽ ቁጥር ከዘለልሽባቸው ልጆቹ አፋቸውን ይዘጋሉ። ተያቸው፣ ይናገሩ» አሏት። ተወቻቸው። ለሦስት ሳምንት ክፍሉ በሙሉ አባቱን ዘይ፣ አያቱን ዘይ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር ዘይ እያለ ተናገረ። እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። በሁለተኛው ጉብኝት መምህር ይስማው ራሳቸውን ያዙ። «ይህን የመሰለ ስህተት እየሰማሽ እንዴት ዝም ትያለሽ? ሥር ከሰደደ በኋላ ማን ይነቅለዋል?» አሏት። ነጥቡም እንደ ንግግራቸው ሆነ።

ያን ቀን ሱፐርቫይዘሩ ሲሄዱ መምህራን ክፍል ገብታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ጋሽ ታረቀኝ፣ የቱ ነው ትክክል? ላርም ወይስ ልተው?»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም አላውቅም። ስንት ዓመት «ዘይ»ን ሳሳድድ ኖሬ፣ የሰንበት ማኅበራችንን ሊቀ መንበር ለአንድ ፈረንጅ ሳስተዋውቅ «ዘይ» ብዬአቸዋለሁ። «ሁለቱም ትክክል ነው» አልኳት።

«ሁለቱም ማለት ምን ማለት ነው?» አለች። ይቅርታ ሳትል የተናገረችው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ቀጠለች። «ደግሞስ ልብ ብለው ያውቃሉ? እርስዎን ዘይ ይሏችኋል... ይሉዎታል። እኔን ግን ሺ ነው የሚሉኝ። እሷ ማለታቸው ነው። እኔ ላይ ሲደርሱ እንግሊዝኛቸው አይሳሳትም።»

እየሳቀች ነበር የጀመረችው፤ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አዘንኩላት። ትንሽም አፈርኩ፤ ዘይ መባሉን በሆዴ እወደው ነበርና።

ሦስተኛው ጉብኝት ሐሙስ ጠዋት ሆነ። መምህር ይስማው ከእኔ ጎን ተቀመጡ፤ ዴስኩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ የሁለታችንም ጉልበት አገጫችን ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የኔአለም ጠመኔዋን አንስታ ጀመረች። እንዳልወሰነች ፊቷ ላይ ይነበባል። አንዱን ልጅ ታርማለች፣ ሌላውን ትተዋለች፤ የተወችው ይቆጫትና ተመልሳ ታርመዋለች። ልጆቹም ግራ ገባቸው። አንዱማ ለማንኛውም ብሎ አባቱን «ሂ ዘይ» አለ። መምህር ይስማው ይጽፋሉ። በጎን ለማየት ብሞክር ወረቀቱን በእጃቸው ከለሉት።

እንግዲህ አለቀላት ስል ክላሰሯን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ሽታዬ፣ እናትሽ ስንት ናት?» አለች በአማርኛ።

«አንድ» አለች ሽታዬ ግራ ተጋብታ።

«ለአንቺስ? ስንት ሰው ታህላለች?»

ልጅቷ አሰበች። ከዚያ ፊቷ በራ። «ሺ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የኔአለም ወዲያው ዞራ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ሰሌዳው ጥግ ላይ በትልቁ ጻፈችው። «እንግዲያው በያት።» ሽታዬም «ማይ ማዘር ኢዝ ኤ ፋርመር። ሺ ኢዝ ስትሮንግ» አለች። ተራ በተራ ሁሉም እናቱን ሺ እያለ ተነሳ። አባትን የሚያነሳ ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ብልህ ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሮ ስለነበር ልጆቹ እየጮኹ ነበር የሚናገሩት።

መምህር ይስማው ግን በዚህ አልረኩም። ከዴስኩ ውስጥ እንደምንም ወጥተው ሽታዬን በእንግሊዝኛ ጠየቋት፤ መምህርሽ ማን ናት?

«ማይ ቲቸር ኢዝ የኔአለም» አለች ሽታዬ ቀጥ ብላ ቆማ። «ዘይ አር ፍሮም ይጁቤ።»

ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ ልክ የነበሩበትን ቃል ዛሬ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ነጥብ የሚሰጡት ሰውዬ ፊት ተሳሳቱት። የኔአለም ቀላች። ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም። ወደ እኔ አየች፤ እኔም አላውቅምና ጫማዬን አየሁ።

«ሽታዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ሺ ኢዝ።»

«እናቴ ትሁን፤ እርስዎን ግን አልልም።»

እርስዎ ብላት አታውቅም ነበር።

የኔአለም ወደ ሽታዬ ዴስክ ተጠጋች። «ያልሽው ገብቶኛል፣ ሽታዬ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ ግን አንቱ አያውቅም። እኔንም ሺ በይኝ።» ሽታዬ ቃሉን ሳትል ተቀመጠች፤ ደወሉም ተደወለ።

መምህራን ክፍል ውስጥ መምህር ይስማው ቅጹን ይዘው ብዙ ቆዩ። «ለምን በአማርኛ ተናገረች?» አሉ መጀመሪያ። ቀጥሎ «ስህተት ማረም በሚለው ላይ ምን ልሙላ? እሷ አርማለች፣ ልጅቷ ግን አልታረመችም» አሉ። ጻፉ፣ ሰረዙ፣ መልሰው ጻፉ። «እኔም ጉንደ ወይን ስማር መምህራችንን ዘይ ነበር የምንላቸው። ማን እንዳስተወኝ እንጃ» አሉና ፈረሙ። ለማለፍ ከሚያስፈልገው በሁለት ነጥብ ብቻ በልጣ አለፈች።

ከግቢው በር አጠገብ ቆማ ለአባቷ ስትደውል ሰማኋት። «አባቴ፣ አራቱ ዓመት አለቀ» አለቻቸው። ሌላ ነገር ስትላቸው አልሰማሁም። ያንኑ ቀን ከሰዓት ወደ ማርቆስ የሚሄድ መኪና አገኘችና ልጆቹን ሳትሰናበት ሄደች።

ሰኞ እኔ ገባሁ። ሰሌዳው ተጠርጓል፤ ጥግ ላይ ያለውን የእሷን ጽሑፍ ግን የነካው የለም። ያው ትምህርት መጀመር አለበትና «ዌር ኢዝ ቲቸር የኔአለም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሽታዬ ተነሳች። ያቺኑ «ዘይ»ን ልትል አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። የሰሌዳውን ጥግ አየች።

«ሺ ሄዱ» አለች።

ማንም አልሳቀም። ለማረም ጠመኔዬን አነሳሁ፤ የቱ ጋ እንደምጀምር ግን ጠፋኝ። ክፍሉ እውነትም ሺህ ሰው የወጣበት ያህል ጭር ብሏል።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «ተቀመጪ።»