በስሜ ያስጻፍሁት ድንጋይ

ይህን ነገር ከነፍስ አባቴ እንኳ ደብቄ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሬአለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር። ሰርቄአለሁ። የሰረቅሁትም የሰው ስም ነው።

ያኔ ወጣት የሥነ ምድር ባለሙያ ነበርሁ። ከአባይ ማዶ ማዕድን ፍለጋ ስንዞር መኪናውን የሚነዱት ጋሽ ውበቱ የሚባሉ የባሕር ዳር ሰው ነበሩ። አንድ ቀን አቀበት ላይ ጎማ ፈነዳብን። ጋሽ ውበቱ መኪናው እንዳይንሸራተት ታኮ የሚሆን ድንጋይ ሊፈልጉ ወርደው ቆዩ። ሲመለሱ አንድ ነጭ ድንጋይ እንትፍ ብለው በእጅጌአቸው እየወለወሉ፣ «ኢንጂነር፣ እስቲ ይህን እይልኝ። ስኳር አይመስልም?» አሉኝ።

እብነ በረድ ነበር፤ ያውም እንከን የማይወጣለት። ሁለት ወር ሙሉ ስፈልግ የከረምሁት እኔ፣ ያገኙት እሳቸው!

ሪፖርቱን የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ። «አገኘሁ» ብዬ ጻፍሁ። «አገኘን» ለማለት አንዲት ፊደል መለወጥ ይበቃኝ ነበር፤ እሷን ነፈግኋቸው። ማን አስገደደኝ? ማንም። ሹመቱም የውጭ አገር ትምህርቱም በዚያች ቃል መጣልኝ። የምስጋና ወረቀቴን ልቀበል ስሄድ አዳራሹ ድረስ የነዱልኝ ራሳቸው ጋሽ ውበቱ ናቸው። ውጭ ጠብቀው «እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ። እኔም እጄን ዘርግቼ ጨበጥኋቸው። እንዴት አላፈርሁም?

ዘንድሮ የአገሪቱ የማዕድን ሥራ ባለውለታዎች ጣና ዳር ሊሸለሙ ነው፣ አንዱ አንተ ነህ ተባልሁ። በማግስቱ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ ጋሽ ውበቱ ቤት ሄድሁ። ጉልበታቸውን ይዤ ሁሉንም ተናዘዝሁ።

ጋሽ ውበቱ ሳቁ። «እኔ እኮ የፈለግሁት ታኮ ነበር!»

ባለቤታቸው እትዬ አስካል ግን አልሳቁም። «ድንጋዩን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ለልጆቹ ባወራ ቁጥር ውሸታም ሲባል ኖሯል። ይቅርታህን እዚህ ሳሎን ውስጥ አታባክነው፤ በሰረቅህበት አደባባይ ተናገረው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በሽልማቱ ቀን ስሜ ሲጠራ ወጣሁና ማይኩን ያዝሁ። «ያገኘሁት እኔ አይደለሁም» አልሁ። ከዚያ ጋሽ ውበቱን በሙሉ ስማቸው ጠራሁ። ከኋላ ወንበር ተነሥተው ኮታቸውን እየቆለፉ መጡ። እትዬ አስካል እልልታውን አቀለጡት፤ ሕዝቡም ተቀበላቸው። ሜዳሊያውን አንገታቸው ላይ ሳጠልቅ ትልቁ ልጃቸው «አባዬ! አባዬ!» እያለ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ያን ዕለት ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተን ስንጨፍር፣ ጋሽ ውበቱ በዚያ ዕድሜያቸው እስክስታ ወርደው ሁላችንንም አስናቁን። በሕይወቴ እንዲያ ተደስቼ አላውቅም።

ግን የሠላሳ ዓመት በደል በአንድ ቀን እልልታ ተከፈለ አልልም። ወጣት ነበርሁም አልልም፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። ጋሽ ውበቱ ይቅር ብለውኛል። እትዬ አስካል ደግሞ ስሰናበታቸው እጄን ያዝ አድርገው፣ «እሑድ ምሳ እኛ ቤት ነህ። የእኔን ይቅርታ ስትመጣ አስብበታለሁ» አሉኝ።

እሄዳለሁ።