የፈረሰው አገር ዋናተኞች በኦስቲያ

ንጋት፣ ፖንቴ ማሞሎ

ከቤት ስወጣ የመንገዱ መብራት ገና አልጠፋም። እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ ሮም ግን በጋዋን አልለቀቀችም፣ አስፋልቱ ውስጥ ያደረው ሙቀት በጫማዬ ይሰማኛል። ሜትሮው በር ላይ ያለው ባር ወንበሮቹን እያወረደ ነው። ለቁርስ አንድ ኮርኔቶ ገዝቼ ቆሜ በላሁ።

አብራኝ የምትኖረው ለተብርሃን አዲስ አበባ ተወልዳ እዚያው የተማረች ኤርትራዊት ናት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ የዋና ውድድር ላይ ልውል መሆኔ ገርሟት ማን እንደሚዋኝ ጠየቀችኝ። "ሲኞራዬ" ስላት የቀለድኩ መስሏት ተመልሳ ተኛች።

አልፈርድባትም። ሥራዬ ባዳንቴ ነው፤ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። አሁን የምሠራው ሲኞራ ቬስና ዘንድ ነው። ወደ ሰባ የሚጠጉ ሴት ናቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ በብረት ስለተጠገነ ያለ ከዘራና ያለ እኔ ክንድ ከቤት አይወጡም። በወጣትነታቸው ግን የዩጎዝላቪያ ብሔራዊ ቡድን ዋናተኛ ነበሩ። ያ አገር በጦርነት ፈርሶ ዛሬ ብዙ አገር ሆኗል። እሳቸው የቤልግሬድ ልጅ ናቸው፤ ሮም የመጡት ጣሊያናዊ አግብተው ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል።

ጠዋት፣ ኤስኲሊኖ

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግሬ ሄድኩ። ቻይናዎቹ ሱቆቻቸውን አልከፈቱም፤ የትራሙ ሐዲድ ላይ እርግቦች ዳቦ ይለቅማሉ። ሲኞራ ለባብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቡና አልጠጡም። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

በወሩ ሁሉ ያልነገሩኝን ደረጃው ላይ ነገሩኝ። ውድድሩ የአዛውንቶች የቅብብል ዋና ነው። እኛ በሩጫ እንደምናውቀው ዱላ ቅብብል ነው፤ ዱላ ግን የለውም። አንዷ ደርሳ ተመልሳ ግድግዳውን በእጇ ስትነካ ሌላዋ ዘላ ትገባለች። ሲኞራ የጠሩት የድሮ ቡድናቸውን ነው። ማይዳ ከስሎቬኒያ፣ ሚልካ ከሳራዬቮ ትናንት ገብተው ኦስቲያ አድረዋል። አራተኛዋ ዝላታ የክሮኤሺያ ሰው ናቸው።

"ዝላታ እመጣለሁ አላለችም" አሉኝ። "አልመጣምም አላለችም። ቀኑንና ቦታውን እስክነግራት ሰምታ ስልኩን ዘጋች።"

ዝላታ ካልመጡ ቅብብሉ የለም። አዘጋጆቹ ከየአገሩ የመጡ አሮጊቶች በአንድ ቡድን እንዲዋኙ የፈቀዱት አራት ናቸው ተብሎ ነው።

በኦስቲያ ባቡር

ፒራሚዴ ላይ ባቡር ቀየርን። ሰዉ ሁሉ ወደ ባህር ነው፤ ጃንጥላ፣ የፕላስቲክ ኳስ፣ ብብታቸው ሥር ሐብሐብ የያዙ ባልና ሚስት። በመስኮቱ የጥድ ዛፎች ያልፋሉ፣ በረንዳ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች ያልፋሉ። ሲኞራ መስኮቱን እያዩ፣ እኔን ሳያዩ አወሩኝ።

ከዝላታ ጋር በቡድኑ ማደሪያ አንድ ክፍል እያደሩ፣ ከአንድ ሳህን እየበሉ ነው ያደጉት። የዝላታ ወንድም ከተመልካቹ ሰገነት ሆኖ በጣቱ ያፏጭላቸው ነበር። ሲኞራ ግድግዳው ጋ ደርሰው ሲዞሩ ስለሚዘገዩ፣ ልክ የሚዞሩበት ሰዓት ላይ ያፏጫል። ውሃ ውስጥ ሆነው እንኳ ይሰሙታል። ጦርነቱ ሲነሳ ያ ወንድም ተገደለ። የሲኞራ ወንድም ደግሞ በሌላኛው ወገን ወታደር ነበር። የት እንደነበረ፣ ምን እንዳደረገ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁትም። ለዝላታ መደወል አፈሩ። ሳይደውሉ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጊዜ እኔና ለተብርሃን አንድ ክፍል እየኖርን፣ ሁለታችንም ወንድም ግንባር ልከን፣ ራዲዮ ሳንከፍት ነው የከረምነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበርን ግን "እንዴት አደርሽ" ማለት ግድ ነበር። እነሱ ያ ግድ እንኳ አልነበራቸውም።

ረፋድ፣ ገንዳው

እኔ የገንዳ ዋና በቴሌቪዥን እንጂ በአካል አላየሁም። በሩን ገፍተን ስንገባ የክሎሪን ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ቀጥሎ ያ ሰማያዊ። ከጣሪያው የሚወርደው ብርሃን ውሃው ላይ ተሰባብሮ ግድግዳው ላይ ይጨፍራል። ከሁሉ የገረሙኝ ሰዎቹ ናቸው። ጀርባቸው የጎበጠ፣ ሆዳቸው የወደቀ፣ ጉልበታቸው ላይ የቀዶ ጥገና ስፌት ያለባቸው ወንዶችና ሴቶች እያነከሱ ይመጣሉ፤ ከመቆሚያው ዘለው ውሃ ሲነኩ ዓሣ ይሆናሉ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ማይዳና ሚልካ ሲኞራን አቅፈው ሳሟቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ዝላታ ነበር። ሲኞራ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ልብሳቸውን አስቀይሬያቸው፣ ቦታ ፈልጌ ሰገነቱ ላይ ወጣሁ።

ጥግ ላይ ነጭ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ በዚያ ሙቀት የዝናብ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሴት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲኞራን ይዤ ስገባ አይተውኝ ኖሯል፤ ለቬስና ምኗ እንደሆንኩ ጥርት ባለ ጣሊያንኛ ጠየቁኝ። ባዳንቴያቸው ነኝ አልኳቸው። ያኔ ማን መሆናቸው ገባኝ።

"ስለ ወንድሜ ተናግራ ታውቃለች?" አሉኝ።

የሚጠቅመኝን መልስ ላስብ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። "ዛሬ ባቡር ላይ ነገሩኝ" አልኩ። "ሲዞሩ ያፏጭላቸው እንደነበር። ውሃ ውስጥ ሆነው ይሰሙት እንደነበር። እርስዎ ጋ መደወል እንዳፈሩም ነገሩኝ።"

የድምፅ ማጉያው የቅብብል ዋናተኞችን ጠራ። ታች ሦስቱ ሴቶች ከዳኛው ጋር ቆመዋል፤ ማይዳ በእጃቸው ትንሽ ይጠብቁን እያሉ ይለምናሉ። ያን ጊዜ አጠገቤ ያሉት ሴት ተነሱና ካፖርታቸውን ከላይ ጀምረው ፈቱት። ከሥሩ የዋና ልብስ ለብሰዋል። ካፖርቱን እቅፌ ውስጥ ጥለውልኝ ደረጃውን ወረዱ።

ተከትያቸው ወረድኩ። ሲኞራ ዞር ብለው አዩዋቸው። ዝላታ አላቀፏቸውም፣ አላናገሯቸውም። አልፈዋቸው ሄደው የመጨረሻዋ ዋናተኛ ቦታ ላይ ቆሙ።

መጀመሪያ በጀርባ የሚዋኙት ሲኞራ ስለሆኑ መነሻቸው ከውሃው ውስጥ ነው። ክንዳቸውን ይዤ በመሰላሉ አወረድኳቸው። ውሃው ደረታቸው ሲደርስ እጄን ለቀቁኝ። ፊሽካው ተነፋ፤ እንደ ቀስት ተለጥጠው ወደ ኋላ ተወረወሩና ጠፉ። እዚያ ርቀው ብቅ አሉ፤ አንድ ክንድ ሲወጣ አንዱ ሲገባ፣ ፊታቸው ወደ ጣሪያው፣ ውሃው መንገድ እየከፈተላቸው። በየቀኑ ጫማ የማጠልቅላቸው ሴት ናቸው ብል ማን ያምነኛል? ደርሰው ሲዞሩ ግን ዘገዩ። ተመልሰው ግድግዳውን ነኩ። ሚልካ በደረት ሄዱ፤ ማይዳ በቢራቢሮ፣ ሁለት ክንዳቸውን እንደ ክንፍ እየዘረጉ። ሌሎቹ ቡድኖች ሲጨርሱ የእኛዎቹ አልጨረሱም። ከጎን ያሉት ዋናተኞች ግን ከውሃው አልወጡም፤ ገመዱን ይዘው ይጠብቃሉ።

ማይዳ ሲነኩ ዝላታ ዘለሉ። እንዲያ ያለ ዝላይ አላየሁም፤ ውሃው ድምፅ አላሰማም። ሲኞራ ከውሃው አልወጡም ነበር፤ ጥጉን ይዘው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ። ዝላታ ተመልሰው ግድግዳውን የነኩት ከጎናቸው ነው። መነጽራቸውን አወለቁና በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ሲኞራ ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ዝላታም እጃቸውን ሰደው የሲኞራን አንገት ወደ ራሳቸው ሳቡት። አዳራሹ ሁሉ ያጨበጭብ ነበር፤ እነሱ አልሰሙም።

ከሰዓት፣ ወደ ሮም

ባቡሩ ውስጥ አራቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በሞርታዴላ የተሞላ ፒሳ ቢያንካ እየቆረሱ በሉ። ውሃው ውስጥ ምን እንደተባሉ ሲኞራን ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"'ስትዞሪ አሁንም ትዘገያለሽ' አለችኝ" አሉ።

ፒራሚዴ ወረድን፤ ዝላታ ማምሻውን አውሮፕላን አለባቸው። የኤርፖርቱ ባቡር በአንድ በኩል፣ የእኛ ሜትሮ በሌላው ነው። መለያያው ላይ ቆምን። ሲኞራ ቆዪ አላሏቸውም፤ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው መሬቱን ብቻ ያያሉ። ከእርጥብ ጸጉራቸው ውሃ አንገታቸው ላይ ይወርዳል። ዝላታ ያንን ውሃ አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"እቤት የጸጉር ማድረቂያ አላችሁ?"

"አለን፣ ሲኞራ።"

"አሎራ፣ እንግዲያው እንሂድ" አሉና ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ሜትሮው ሲመጣ አምስታችንም ገባን።