ከላስቲኩ ግርጌ ያለው ውሃ

ቁፋሮ ላይ ሳለሁ ከድንጋይ ይልቅ እልልታ ነበር የሚያስፈራኝ። የቁፋሮ መኪና ያየ አገር ሁሉ ውሃ መጣልኝ ይላል፤ አይደለም ብትለው ማን ይሰማሃል!

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው ዳገት የቆፈርነው ለመጠጥ አልነበረም። ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት ወፍራም ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሯል። ላስቲኩ አፍስሶ እንደሆነ ለማወቅ ከግርጌው የመመርመሪያ ጉድጓድ እናወርዳለን፤ ላስቲኩን እንዳንበሳ ራቅ ብለን፣ ጓንትና ጭምብል አድርገን። ከእኛ ዝቅ ብላ አንዲት ምንጭ አለች። እኛ ዘንድ መርዝ ከተገኘ እሷም አለቀላት ማለት ነው። ምንጯን ተዉ ለማለት ግን ገና ማስረጃ አልነበረንም።

ከምንጯ የሚቀዱ አንዲት እናት በየቀኑ ይመጡብኛል። ልጃቸው ከዓረብ አገር ተመልሳ የመጀመሪያዋን አርግዛለች።

«መቼ ነው የሚፈልቀው? ይቺ ልጅ በዚህ ሆዷ ቁልቁለቱን ልትወርድልኝ ነው?»

«የመጠጥ አይደለም እኮ እማማ።»

«አይ አንተ! ውሃ ውሃ ነው» ብለው ይስቁብኛል።

ውሃው የወጣ ዕለት እልልታው ቀለጠ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሴቶቹ ጀሪካን አንጠልጥለው ደረሱ። «ቅድሚያ ለእማማ!» አለ ሰዉ። በጣሳ ቀድተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ዘልዬ ጣሳውን ከእጃቸው መታሁት። የትልቅ ሰው እጅ!

«እጅህን ይስበረው!» አለች ልጃቸው።

«መርዝ ቢኖርበትስ? ስንቴ ልንገራችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ተናድጄም ፈርቼም ነበር። ጉድጓዱን በብረት ክዳን ከድኜ ቆለፍኩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ናሙናው አዲስ አበባ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ መርዝ ተገኘበት። ምንጯም ታጠረች። ለእማማ የመንገሩ ዕጣ ለእኔ ደረሰኝ። ደጃፋቸው ቆሜ፣ ላስቲኩ ሲያፈስ ሳይቆይ አልቀረም፣ ውሃው ቁልቁል ወደ ምንጯ ነው የሚሄደው አልኳቸው።

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም። ልጃቸው ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እሷን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያቺን አንዲት ጣሳ ከእጄ መታህልኝ፤ እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ። «እሷ ስትጠጣው የከረመችውንስ?»