የእትዬ ያማሃ

ልብስ ሰፊዋ ያማሃ የሚባለውን ጊታሯን የገዛችው ሦስት ዓመት ሙሉ የእረፍት ቀኗን ጭምር ሠርታ ነው። ታናሽ ወንድሟንም ጣቶቹን እየያዘች መጫወት ያስተማረችው በዚያው ጊታር ነበር።

አንድ ቀን "እትዬ፣ ለውድድር ነው፤ ለሳምንት ብቻ አውሺኝ" አላት። ሰጠችው። ውድድሩን አሸንፎ ዘፋኝ ሆነ፤ ጊታሩ ግን በዚያው ቀረ። በጠየቀችው ቁጥር "ነገ አመጣልሻለሁ" እያለ ሰባት ዓመት አለፈ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በስፌት ቤቱ ሬዲዮ የወንድሟ ቃለ መጠይቅ ተላለፈ። ጋዜጠኛው "ይቺን ያማሃ ከየት አገኘሃት?" አለው።

"ምሳዬን እየተውኩ ገዛኋት። መጫወቱንም ማንም አላስተማረኝ፤ የራሴ ጥረት ነው።"

የሥራ ባልደረቦቿ "ወንድምሽ ጀግና ነው!" ብለው አጨበጨቡላት። እሷ የጀመረችውን እጅጌ ገጥማ መጨረስ አቃታት።

በሳምንቱ ወንድሟ አዲስ ጊታር ይዞላት ቤቷ መጣ።

"ይኸው እትዬ፤ ከበፊቱ በእጥፍ ይሻላል።"

"የእኔን አምጣልኝ።"

"እሱንማ ሕዝብ ያውቀዋል እኮ! የት ደረሰ ቢሉኝ ምን ልመልስ?"

"የእህቴ ነው፣ መለስኩላት በላ። ምን ያንቅሃል?"

አዲሱን ጊታር መልሳ አስታቅፋው በሩን ከፈተችለት። ጉንጯን ሊስም ሲጠጋ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ጊታር ነክታ አታውቅም። የሰፈሩ ሰው የዘፋኙ እህት መሆኗን እያነሳ "አንቺስ የጊታር ክር አትነኪም?" ሲላት፣ "እኔ የማውቀው የልብስ ክር ነው" ትላለች። ሰዎቹም እየቀለደች መስሏቸው ይስቃሉ።